ሊሾው እስኪደርቅ፦ ከጅጅጋ ሽንሌ ደርሶ መልስ

ባለፈው ጥቅምት ከጅጅጋ ሽንሌ ድረስ የሄድኩት አገር ለማየት አልነበረም። በገዛ ቤቴ ውስጥ እግሬን የማሳርፍበት ቦታ ስላጣሁ ነው። ጥፋቱም የራሴ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ቤታችን አባቴ በወታደርነት ጅጅጋ መጥቶ በዚያው ሲቀር የሠራው የጭቃ ቤት ነበር። ግድግዳው ሆዱን ነፍቷል፤ ጣራው ደግሞ ነፋስ በመጣ ቁጥር ሊነሳ ይታገላል። የጅጅጋን ነፋስ ያልቀመሰ ሰው ጣራ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አያውቅም። አፍርሼ በብሎኬት ልሠራው ወሰንኩ። ቤት መከራየት አላስፈለገንም፤ እየኖርንበት አንዱን ክፍል እያፈረስን አንዱን እንሠራለን አልኩ።

ባለቤቴ አስካለ "በሚፈርስ ቤት ውስጥ እንዴት ይኖራል?" አለችኝ።

"ትዕግሥት እየተማሩ ይኖራል" አልኳት።

ስድስት ወር ተማርን። በርበሬው ውስጥ ሲሚንቶ ገባ፤ አልጋችን ሦስት ጊዜ ክፍል ቀየረ፤ አንዱ ጫማዬ ሲገኝ ሌላው ይጠፋል። ወጥ የሚሠራው ግቢ ውስጥ በሸራ ሥር ነበር። ነፋሱ ሸራውን እየነቀለ ከጎረቤታችን ከሆዳን ግቢ ይጥለዋል፤ እሷም አጣጥፋ ትመልስልናለች። አንድ ቀን እያቀበለችኝ "አዴር፣ ይሄ ሸራ ከእናንተ ቤት እኛ ቤት ይበዛል። ሻይ ላፍላለት እንዴ?" አለችኝ። አዴር ሶማሊዎች የአባትን ወንድም የሚጠሩበት ነው፤ ለታላቅ ሰውም ይሆናል። እኔና የሆዳን ባል አንድ አጥር ተጋርተን ሃያ ዓመት ኖረናል፤ እሱ ካረፈ በኋላም አዴር መባሌ አልቀረም።

የምተዳደረው የብረት በርና መስኮት በመበየድ ነው። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ አቁሜ ሥራውን የለመድኩት ሰው ሲበይድ በአጥር ቀዳዳ እያየሁ ነው። ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ ጉድለት አለበት፤ ሌላውም ሰው እንደሚያውቅ ቶሎ አያምንም። ግንበኛው "የወለሉን ሊሾ ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን በሳምንቱ እንልቀቀው፤ መኖሪያ ይተርፋችኋል" ሲለኝ "አንዴ ይለቅና እንገላገል" አልኩ። ሐሙስ ሦስቱ ክፍሎችና መተላለፊያው በአንድ ቀን ሲሚንቶ ተለቀቀባቸው። ግንበኛው በመጨረሻ ወደ ኋላ እያፈገፈገ፣ እያለሰለሰ፣ በሩ ላይ ሲደርስ እኔና አስካለ ከዕቃችን ጋር ግቢ ውስጥ ቆመናል።

"አራት ቀን አይረገጥም፤ በቀን ሦስት ጊዜ ውሃ ይጠጣል" ብሎ እጁን ታጠበ።

አስካለ የግንበኛውን ምክር አላነሳችብኝም። ቦርሳዋን አንስታ "እኔ እህቴ ቤት ነኝ" አለች። ወደ ውጭ እየሄደችም "ልጅህ እሑድ ሽንሌ ላይ ይወዳደራል" አለችኝ።

ብሩክ አንድ ልጃችን ነው፤ ሃያ አምስት ዓመቱ። ሞተር ሳይክል ይወዳል። ሌባ እንዳይወስድበት እየፈራ ማታ ማታ ሞተሩን ሳሎን ያስገባ ነበር፤ ዘይቱ ምንጣፍ ላይ ይንጠባጠባል። ከሁለት ዓመት በፊት "ወይ ሞተሩ ወይ ቤቱ፣ አንዱን ምረጥ" አልኩት። መረጠ። ድሬዳዋ ሄዶ ሞተር እየጠገነ ይኖራል፤ እረፍት ሲያገኝ ይሽቀዳደማል። ለእናቱ ይደውላል። ለእኔ ሰላምታ ይልክልኛል።

ታዲያ ከሦስቱ ክፍሎች አንዱን የሠራሁት ለእሱ ነው። በሩን በእጄ በይጄ፣ ቁልፉን ገጥሜ ጨርሻለሁ። ለእሱ ግን አልነገርኩትም። ያን ዕለት የቁልፉን ሦስት መክፈቻዎች ቦርሳዬ ከትቼ፣ ልጄን ይዤ ሳልመለስ ያን ሊሾ አልረግጥም አልኩ። ሆዳን ሊሾውን ውሃ ልታጠጣልኝ ቃል ገባች።

ዓርብ

በማለዳ በሚኒባስ ወጣን። ከካራማራ ዳገት ወርደን ብዙም ሳንርቅ ኬላ ላይ አስወረዱን። ፈታሹ ቦርሳዬን ሲከፍት ቅያሪ ሸሚዝ፣ የብረት ሜትሬንና በገመድ የታሰሩ ሦስት መክፈቻዎች አገኘ።

"የምን ቁልፍ ነው?"

"የልጄ ክፍል።"

"ልጅዎ የት ነው?"

"ሽንሌ።"

"ክፍሉስ?"

"ጅጅጋ።"

መክፈቻዎቹን አገላብጦ አያቸውና "አባት፣ ታዲያ ማን ሊገባበት ነው?" አለ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። መክፈቻዎቹን ተቀብዬ ቦርሳዬን ዘጋሁ።

ዳካታ ላይ አንዱ በሌላው ራስ ላይ የቆሙትን ድንጋዮች በመስኮት አየሁ። ሰዎች ፎቶ ያነሱ ነበር። እኔ ያሰብኩት ያለ ሲሚንቶ መቆማቸውን ብቻ ነው። ባቢሌ ላይ ጾም ስለነበረ ኦቾሎኒ ገዝቼ ምሳዬን እሱ አደረግኩ። ሐረር መኪና ቀየርን። የደንገጎን ቁልቁለት ስንጀምር ጎማ ተነፈሰ፤ ሾፌሩ ደግሞ ክሪክ አልያዘም። ሰው የሚያህል ጭነት ይዞ ክሪክ የማይዝ ሾፌር ቤት ያለ መሠረት ከሚሠራ ሰው አይሻልም አልኩት። "እሺ አባቴ፤ አሁን ግን ያቺን ድንጋይ ያቀብሉኝ" አለኝ። ሌላ መኪና ቆሞ ክሪክ እስኪያውሰን ድረስ ድንጋይ አቀባይ ሆኜ ቆየሁ።

ድሬዳዋ ስንደርስ ሹራቤን አወለቅሁ፤ በባጃጅ ሽንሌ ስገባ ደግሞ ሸሚዙም ከበደኝ። በእኛ አገር በጥቅምት ሰው ሲናገር ጠዋት ጠዋት ከአፉ እንፋሎት ይወጣል። እዚያ አየሩ ራሱ ከምድጃ የወጣ ይመስላል። ቤቶቹ ዝቅ ያሉ፣ ግቢዎቹ ሰፊ፣ መሬቱ አሸዋ ነው። ነፋሱን የሚፈራ ሰው የለም፤ የሚፈለግ ነው።

የሞተረኞቹን ማረፊያ ስጠይቅ አንድ ግቢ አሳዩኝ። በሩን የከፈተልኝ ረጅም ሽማግሌ ከላይ እስከ ታች አየኝና "አንተ የብሩክ አባት ነህ። አፍንጫህ ነገረኝ" አለኝ።

አቶ ሮብሌ ይባላል፤ ዕድሜውን በሙሉ በአሮጌው ባቡር ላይ የሠራ ሰው ነው። አማርኛ የተማረው ከባቡር ሠራተኞች ስለሆነ ለሕፃኑም ለሽማግሌውም አንተ ይላል። በመጀመሪያው ደቂቃ ደሜ ፈላ፤ እኔ በአገሬ አንቱ የምባል ሰው ነኝ። በሁለተኛው ደቂቃ ግን የራሱን ትራስ ከጀርባዬ አድርጎልኝ ነበር። ከዚያ በኋላ አንቱታውን ረሳሁት።

ባለቤቱ በትልቅ ኩባያ የግመል ወተት አመጣች። እጄን ዘርግቼ መለስኩት።

"ዓርብ ነው እኮ!" አለና ሮብሌ ግንባሩን መታ። "ወላሂ፣ ሠላሳ ዓመት ከክርስቲያን ጋር ሠርቼ ዓርብን ረሳሁ።" ወተቱ ሄዶ ቴምርና ወተት የሌለው ሻይ መጣ። እንግዳ ያቀረብኩትን መለሰ ብሎ አልተቀየመም፤ የተቀየመው በራሱ ነው።

ብሩክ ፀሐይ ስትጠልቅ ሞተሩን እየገፋ ገባ። ከስቷል፤ ጢም አውጥቷል። እኔን ሲያይ ሞተሩን ማቆሚያው ላይ ሳያቆም ይዞት ቀረ።

"አባባ? እማማ ምን ሆነች?"

"ደህና ናት። እህቷ ጋ ናት። ቤቱ ሊሾ ላይ ነው።"

"ስንት ክፍል ተለቀቀ?"

"ሁሉም።"

"ባንድ ቀን?" ፊቱን ወደ ሞተሩ አዞረ። እንደሳቀ ከትከሻው አወቅሁ።

ሲመሽ ግቢው ውስጥ በጠፍር አልጋ ላይ ተኛሁ፤ አንሶላ እንኳ በዝቶብኝ ገፈፍኩት።

ቅዳሜ

እውነቱን ልናገር። ወደ ሽንሌ ስሄድ አፋቸውን በጫት የሞሉ፣ ሥራ የጠላቸው ልጆች ሲፎክሩ አገኛለሁ ብዬ ነበር። ልጄንም ከእነሱ መሀል ጎትቼ አወጣለሁ።

ገና ሳይነጋ የብሩክ ኮቴ ቀሰቀሰኝ። ተከተልኩት። ከከተማው ወጣ ብሎ ደረቁ ወንዝ ዳር ሜዳ ላይ አሥር የሚሆኑ ልጆች ተሰብስበዋል። በመስመር ተሰልፈው የሚሽቀዳደሙበትን መንገድ በእግራቸው ሲሄዱ አየሁ፤ የግራር እሾህ፣ የእንስሳት አጥንት፣ ስለት ያለው ድንጋይ እየለቀሙ ማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ይከታሉ። ነገ የሚሸናነፉ ሰዎች አንዱ ለሌላው ጎማ እሾህ ይለቅማል። ብሩክ በየጥምዝዙ መሀል እርምጃ እየቆጠረ በእንጨት ምልክት ያደርጋል። እርምጃ ቆጥሮ መለካትን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ያኔ ሜትር የመግዣ አቅም አልነበረንም። ጎንበስ ብዬ አንድ አጥንት አነሳሁና ጆንያው ውስጥ ጣልኩ። አየኝና ወደ ቆጠራው ተመለሰ።

ስንመለስ እሱ ሲታጠብ ሞተሩን መረመርኩ። እግር ማሳረፊያው አጠገብ ተሰብሮ የተበየደ ቦታ አለ። ስህተት ፍለጋ በጣቴ ዳሰስኩት። ቀዳዳ የለውም፤ እብጠት የለውም፤ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ የሄደ ብየዳ ነው። እንዲህ ያለ ብየዳ እኔ በሠላሳ ዓመቴ አልሠራም ነበር። ይህን ለእሱ ሳልነግረው ነው የመጣሁት፤ እዚህ ጻፍኩት።

ለምሳ ሩዝ በፍየል ሥጋ ተሠራ። ለእኔ ግን በትንሽ ድስት ሩዝ በድንችና በእንቁላል ለብቻው ቀረበልኝ። በእኛ ዘንድ ክርስቲያኑ እስላም ያረደውን፣ እስላሙም ክርስቲያን ያረደውን እንደማይበላ ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ ማንም አልጠየቀኝም። ሮብሌ "ድስቱ አዲስ ነው፤ ሥጋ አላየም" ብቻ አለኝ። ለማያውቁት ሰው አዲስ ድስት ማውጣት ትልቅ ነገር ነው።

ምሳው ሲያልቅ መክፈቻዎቹን ከቦርሳዬ አውጥቼ ብሩክ ፊት አስቀመጥኩ።

"የአንተ ክፍል ቁልፍ ነው። ቤቱ አልቋል። ሰኞ አብረን እንሄዳለን።"

መክፈቻዎቹን አነሳና በእጁ መዘናቸው። ዓይኑ እንደ መቅላት አለ። ከዚያ ቀና ብሎ "በሩ ስንት ነው?" አለኝ።

"ምን ማለትህ ነው?"

"ስፋቱ። ስንት ሴንቲ ነው?"

በብየዳ ቤት ያደገ ልጅ ነው። ለመኝታ ክፍል ዘጠና፣ ለመጸዳጃ ቤት ሰባ እንደምሠራ ያውቃል። መዋሸት እችል ነበር። ነገር ግን ለልጁ የሚዋሽ አባት ምክሩን ሁሉ በአንድ ቀን ያከስራል።

"ሰባ" አልኩ።

"ሞተሩ እንዳይገባ።"

"ሞተሩ እንዳይገባ" አልኩ።

መክፈቻዎቹን አንድ በአንድ አስተካክሎ ወደ እኔ ገፋቸው። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "አባባ፣ ይሄ ክፍል የኔ አይደለም። አንተ ሌላ ልጅ አስበህ ነው የሠራኸው" አለና ተነሥቶ ወጣ።

የበሩን ስፋት ለአስካለም አልነገርኳትም ነበር።

ሮብሌ ሁሉንም ሰምቷል፤ ያልሰማ ለመምሰል አልሞከረም። ሻይ ቀዳልኝና "አንተ በር ሠሪ ነህ አይደል?" አለኝ።

"ነኝ።"

"የእናቴ ቤት ከሰሌንና ከእንጨት ነበር፤ በግመል ይጫናል። ነፋስ በበሩ በኩል ከመጣ እናቴ በጠዋት ተነሥታ በሩን በሌላ በኩል ታደርገዋለች። ቁርስ ሳይደርስ አለቀ። እናንተ ግንብ ትሠሩና ነፋሱን ትሰድባላችሁ።"

"ግንብ ለዘላለም ነው" አልኩት።

"ቤቱ ለዘላለም ይቆማል፤ ሰውየው ውጭ ይቆማል" አለና ሳቀብኝ። ሻዬን ጠጣሁ።

እሑድ

ሙቀቱ ሳይበረታ በጠዋት ስለሚጀመር ቤተ ክርስቲያን ሳልሄድ ቀረሁ። ግቢው ጥግ ላይ ወደ ምሥራቅ ዞሬ ቆሜ ጸለይኩ። ሮብሌ በፊቴ እንዳያልፍ በግቢው ዙሪያ ዞሮ ውሃ ቀዳ።

ሜዳው ዳር ሕዝቡ በጭነት መኪኖች ላይ ወጥቷል። ሊጀመር ሲል የግመል መንጋ ሜዳውን ማቋረጥ ጀመረ። ሞተሮቹ ያጓራሉ፣ ፊሽካ ይነፋል፤ ግመሎቹ ግን እንደ ሹም ነው የሚሄዱት። ባለቤታቸውን "ቶሎ በል!" ሲሉት "እኔ ትናንትም በዚህ አልፌያለሁ፤ እናንተ ናችሁ ዛሬ የመጣችሁ" አላቸው። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። እውነቱን ነው።

ከዚያ ተለቀቁ። አቧራው ሁሉንም ዋጠ፤ ብሩክን የማውቀው በቀይ ሄልሜቱ ብቻ ነው። ሄልሜት ያላደረጉ ሁለት ልጆች ነበሩ፤ አባቶቻቸውን ባገኝ የምነግራቸው ነበረኝ። በመጀመሪያው ዙር ሦስተኛ ነበር። በሁለተኛው ዙር ትልቁ አሸዋ ያለበት ጥምዝዝ ላይ ቀይዋ ሄልሜት ወደቀች።

እንዴት የጭነት መኪናው ላይ እንደወጣሁ አላውቅም። ሮብሌ ቀበቶዬን ይዞኛል፤ እኔ "ተነሥ! ተነሥ!" እያልኩ እጮኻለሁ። ይህ ልጅ ይህን ነገር እንዲተው ብዬ ከቤት እስከማስወጣት የደረስኩ ሰው ነኝ። ያን ጊዜ ግን አንድ ነገር ብቻ ፈለግሁ፤ ሞተሩን አንሥቶ እንዲጨርስ።

ተነሣ። ሞተሩን አቀና፤ የፊት ጎማውን በጉልበቶቹ መሀል ጠርቅሞ ይዞ የዞረውን መሪ ወደ ቦታው መለሰ፤ ነዳ። አምስተኛ ወጣ። ክርኑ ተልጦ፣ በጥርሱ አሸዋ ይዞ መጣ።

"አየህ አይደል፣ ወደቅሁ" አለኝ።

"የወደቀውን አየሁ። የጨረሰውንም አየሁ" አልኩት። ከዚህ የበለጠ ማለት ነበረብኝ። እጄ ግን ሜትሩን ከኪሴ አወጣ። ሰው ሲከበው ጠብቄ የሞተሩን መሪ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካሁ። ሰማንያ ሴንቲ።

"ምን እየለካህ ነው?" አለኝ፤ ለካ ያየኛል።

"ልማድ ነው" አልኩ።

ሰኞ

ብቻዬን ተመለስኩ። ሮብሌ ድሬዳዋ ድረስ ሸኘኝ፤ ለአስካለ ቴምር አስያዘኝ። ኬላው ላይ ያው ፈታሽ ነበር፤ መክፈቻዎቹን አይቶ አወቀኝ። "ልጁስ?" አለኝ። "በሩ ጠብቦት ነው" አልኩት። ምን እንዳልኩ አልገባውም፤ አሳለፈኝ። የጅጅጋ ነፋስ ፊቴን ሲመታኝ እንደ ዘመድ አቀፈኝ።

ሆዳን አደራዋን ጠብቃለች፤ ሊሾው ስንጥቅ የለውም። ልጄን ሳልይዝ አልረግጠውም ብዬ ነበር። ረገጥኩት፤ ግን ልተኛበት አልነበረም። ጆንያ አነጠፍኩና የብረት መቁረጫዬን ሰካሁ። በእጄ የበየድኩትን የበር ፍሬም ቆርጬ አወጣሁ፤ ከዚያ በመዶሻና በመሮ ብሎኬቱን መናድ ጀመርኩ። በላዩ ያለው ቢም፣ የኮንክሪቱ ማሰሪያ፣ ቤቱን የሚዞር ስለሆነ ግድግዳው ይናዳል ብዬ አልፈራሁም።

አስካለ ከእህቷ ቤት ስትመጣ በአቧራ ነጭ ሆኜ አገኘችኝ።

"ስድስት ወር ሠርተህ አሁን ማፍረስ ጀመርክ?"

"ሰባ ነበር። ሰማንያ አምስት እያደረግሁት ነው።"

ሁሉንም ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ መጥረጊያ አነሣች። ወደ ማታ ከሸራው ሥር በስልክ ስታወራ ሰማሁ፤ ከማን ጋር እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ሐሙስ አዲሱን ፍሬም ልተክል ስል ስልኬ ጮኸ። ብሩክ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ በእኔ ስልክ ሲደውል የመጀመሪያው ነበር።

"አባባ፣ ያን ቀን መሪውን ለክተሃል አይደል?"

"ለክቻለሁ።"

"ስንት መጣልህ?"

"ሰማንያ።"

"ለውድድሩ ስፖኪዮዎቹን ፈትቻቸው ነበር" አለኝ። "ከተማ ውስጥ ግን ያለ ጎን መስታወት አይነዳም። ይህን ያልከኝ አንተ ነህ።"

መዶሻውን አስቀመጥኩ። "ከስፖኪዮው ጋር ስንት ነው?"

"ቆይ ልለካው።" የሜትር ሲሳብና ተመልሶ ሲገባ ድምፁ በስልኩ ተሰማኝ። "ዘጠና አምስት።"

በበር ሠሪነት ዘመኔ ሁሉ እንዲህ ተሳስቼ አላውቅም፤ ያልተሟላ ነገር ለክቼ ፍሬም ሠራሁ። አዲሱን ፍሬም ግድግዳው ላይ አስደግፌ ትቼው ሌላ ብረት ፍለጋ ተነሣሁ።

"አንድ ሜትር አደርገዋለሁ" አልኩት። "ግን ስማኝ፤ ሊሾው አዲስ ነው። ከሞተሩ ሥር ካርቶን ታነጥፋለህ።"

"እሺ አባባ።"

"ሁልጊዜ።"

"እሺ አልኩ እኮ፣ አባባ።"